ስድስት መጻሕፍትና አንድ ጥያቄ



የመጽሔታችን አዘጋጆች «በዓመቱ ውስጥ ካነበባችኋቸው መጻሕፍት የወደዳችኋቸውን ጻፉልን» ብለው በጠየቁን ጊዜ፥ ነገሩ ቀላል መስሎን ወዲያው እሺ አልን። ልንጽፍ ስንቀመጥ ግን የመጻሕፍቱን ስም እየዘረዘሩ «ይህ ጥሩ ነው፥ ያም ግሩም ነው» ማለት ለማንም እንደማይረባ ተረዳን። የገበያ ዕቃ እንኳ ሲሸጥ ገዢው አገላብጦ ያየዋል። ስለዚህ መጻሕፍቱን ከማመስገን ይልቅ ምን እንዳስተማሩን፥ በምን እንዳከራከሩን፥ በአንደኛውም ምክንያት ከመካከላችን አንዱ ከገዛ እናቱ ጋር እንዴት እንደ ተቀያየመ ልንነግራችሁ ቈርጠናል።

ንባባችን እንዴት እንደ ነበረ

እኛ ከልዩ ልዩ የትምህርት ክፍል የተሰባሰብን ዘጠኝ ተማሪዎች ነን፤ ሰባቱ ወንዶች፥ ሁለቱ ሴቶች። ያሰባሰበንም ኀፍረት ነው። በመስከረም መጨረሻ አንድ ማታ ራት በልተን ስንጫወት፥ ስለ ሀገራችን ደራስያን ክርክር ተነሣ። ሁላችንም አፋችንን ሞልተን ተናገርን። ኋላ አንደኛዋ እኅታችን «ለመሆኑ ከእናንተ ውስጥ የሚከራከርበትን መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር ያነበበ ማን ነው?» ብላ ብትጠይቅ፥ እጁን ያወጣ አንድ ሰው ብቻ ሆነ። የቀረነው ያወቅነው ከሁለተኛ ደረጃ መማሪያ መጽሐፍ ከተቀነጨበ ገጽ፥ ከሬዲዮ ወይም ከሰው አፍ ነበር። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይህ ነው።

ከዚያ ወዲህ ዘወትር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በአንድ ባዶ መማሪያ ክፍል እየተገናኘን ማንበብ ጀመርን። መጽሐፉ ለዘጠኝ ሰው አንድ ብቻ ስለሚሆን፥ አንዱ ጮክ ብሎ ያነባል፥ ስምንቱ ያዳምጣሉ፤ ሲደክመው ለሚቀጥለው ያቀብላል። ሁለት ደንብም አወጣን። አንደኛው፥ «ወደድሁት» ወይም «ጠላሁት» የሚል ሰው ገጹን ገልጦ ያሳይ የሚል ነው። ሁለተኛው፥ እያንዳንዱን መጽሐፍ ስንጨርስ አንድ ጥያቄ ብቻ እንድናስተርፍ የሚል ነው። በመጋቢት ወር ስድስተኛውን መጽሐፍ በጨረስን ጊዜ፥ ያስተረፍናቸው ስድስት ጥያቄዎች በእውነቱ አንድ ጥያቄ ሆነው አገኘናቸው። እርሱም «የተማረ ሰው ከማን ጋር ይነጋገራል?» የሚል ነው።

1ኛ. መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር

የመጀመሪያው መጽሐፍ የነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ነው። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት በዐድዋ አካባቢ ተወልደው፥ በልጅነታቸው ባሕር ተሻግረው በጀርመን አገር የተማሩ፥ ኋላም የድሬዳዋ ጉምሩክ ሹም የሆኑ ሰው ናቸው። በ1911 ዓ.ም. ዕድሜያቸው ገና በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ሳለ ዐረፉ። መጽሐፉ የታተመው ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ስለሆነ፥ የድካማቸውን ፍሬ በዓይናቸው አላዩም።

የመጽሐፉ ዋና ሐሳብ እንዲህ ነው። የሀብት ምንጭ ሥራ ነው፤ የሥራን ፍሬ የሚያበዛው ደግሞ ዕውቀት ነው። ዕውቀት ያለው ሕዝብና ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ሲገበያዩ፥ ገበያው እኩል መስሎ ቢታይም እኩል አይደለም። ነገሩን ለማስረዳት የኢኮኖሚክስ ተማሪ የሆነው ጓደኛችን የራሱን ምሳሌ ሰጠን። አንድ ገበሬ ወራት ሙሉ ደክሞ ያመረተውን ቡና ሸጦ፥ መኪና በጥቂት ሰዓት የሠራችውን ዕቃ ይገዛል እንበል። ብር ለብር ተካክሏል፤ የድካም ቀን ለድካም ቀን ግን አልተካከለም። ዓመት ካመት እንዲህ የሚገበያይ ሕዝብ፥ መንግሥቱ የራሱ ቢሆን እንኳ በንግድ በኩል ለሌላው ገባር ሆኖ ይቀራል። ደራሲው ይህን ካሳዩ በኋላ ወደ ውስጥ ይመለሱና፥ ሠራተኛውን ትቶ ተዋጊውን ብቻ የሚያከብር፥ ገበሬው ያመረተውን ወታደር ሲበላው ዝም ብሎ የሚያይ አገር ሀብት ሊያከማች እንደማይችል ያስረዳሉ።

እዚህ ላይ ክርክር ተነሣ። የምሕንድስና ተማሪው «እንግዲያውስ መኪናውን ገዝተን ማስገባት ነው» አለ። ሌላው ገጹን ገልጦ፥ ደራሲው የሚናገሩት ስለ ዕውቀት እንጂ ስለ ዕቃ አይደለም፤ የማያውቁትን መኪና መግዛት ያው ሌላ ግዢ ነው ብሎ መለሰለት። ይህን ክርክር ያልጨረስነው ሆን ብለን ነው።

ከክርክሩ ይልቅ ያሳፈረን ሌላ ነገር ነው። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት በባዕድ ቋንቋ የተማሩትን ትምህርት፥ ቃሉ ገና ባልተለመደበት ዘመን፥ የአገራቸው ሰው እንዲረዳው ብለው በአማርኛ ጻፉት። እኛስ? በሚቀጥለው ቅዳሜ ራሳችንን ፈተንን። እያንዳንዳችን በዚያ ሳምንት ከተማርነው አንድ ነገር መርጠን፥ የእንግሊዝኛ ቃል ሳንቀላቅል፥ አምስት ደቂቃ እንድናስረዳ ዕጣ ወጣ። ከዘጠኛችን አራታችን ገና ሁለት ደቂቃ ሳይሞላን አፋችን ተሳሰረ። ከአራቱ አንዱ «የማውቀው መስሎኝ ነበር፤ ለካ የማውቀው ቃሉን ነው» አለ። ይህን አባባሉን እስከ ዛሬ አልረሳነውም።

2ኛ. አዲስ ዓለም

ሁለተኛው መጽሐፍ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1925 ዓ.ም. ያሳተሙት አዲስ ዓለም ነው። ታሪኩ የአወቀ ታሪክ ነው። አወቀ የተጉለት ልጅ ነው፤ ፈረንሳይ አገር ሄዶ ተምሮ ይመለሳል፤ ሲመለስ ግን ከዘመዶቹና ከአገሩ ልማድ ጋር ይጋጫል። አባቱ ሲሞት ታላቅ የተዝካር ድግስ ደግስ ይሉታል፤ እርሱ ደግሞ ለነፍስ የሚጠቅመው ጸሎቱና ምጽዋቱ እንጂ መብሉና መጠጡ አይደለም ይላል። በሠርግ ላይ ስለሚደረገው ስካርና ጠብም እንዲሁ ይናገራል። አጻጻፉ ቀጥ ያለና ግልጽ ስለሆነ በሁለት ቅዳሜ ጨረስነው፤ ሁላችንም ከአወቀ ጋር ወገንን።

አሁን ስለ ጓደኛችን እንናገር። በጥር ወር ዕረፍት ጓደኛችን ወደ ባላገር ወደ ቤቱ ቢሄድ፥ እናቱ በግንቦት ለሚውለው የአያቱ ሙት ዓመት በሬ ሸጣ እህልና ጌሾ ልትገዛ ስታስብ ደረሰ። እርሱም አወቀን ሆኖ ቁጭ አለ። የመጽሐፉን ቃል አንድ በአንድ ነገራት። እናቱም ዝም ብላ ካዳመጠችው በኋላ እንዲህ አለችው፤

«ልጄ፥ ያ ሰውዬ የጻፈው እውነቱን ነው። ሥጋና ጠላ ለሙት አይደርስም፤ ይህንንስ እኔም አላጣሁት። ግን አንተ ከተማ ስትቀመጥ እርሻችንን በደቦ ያረሰልን ማን ነው? አባትህ በታመመ ጊዜ እስከ ሐኪም ቤት በቃሬዛ የተሸከመው ማን ነው? አያትህ የሞቱ ቀን ልቅሶ የደረሰውን ሰው ቈጥረኸዋል? ይህን ሁሉ ሰው በምን ምክንያት ልጥራው? አንተ የምታየው ድግሱን ነው፤ እኔ የማየው ዕዳዬን ነው።»

ጓደኛችን መልስ ስላጣ ተቈጣ። የተቈጣ ሰው የሚናገረውን ታውቃላችሁ፤ «ኋላ ቀርነት ነው» አላት። በማግስቱም ሳትመርቀው ተነሥቶ መጣ።

ነገሩን ሲነግረን በመጀመሪያ ሁላችን ከእርሱ ጋር ሆነን ነበር። ኋላ ግን አንደኛዋ እኅታችን «መጽሐፉን እንደገና እንየው፤ አወቀ ዘመዶቹን ለምን እንደሚደግሱ ጠይቋቸው ያውቃል?» አለች። ተመልሰን አገላበጥነው። በመጽሐፉ ውስጥ ዘመዶቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚናገሩት መልስ እንዲሰጥባቸው ነው እንጂ እንዲጠየቁ አይደለም። ሆኖም በብላቴን ጌታ ኅሩይ ላይ እንዳንፈርድ የሚያደርገንን ነገር እዚያው አገኘን። የመጽሐፉ ነገር በአወቀ ድል አድራጊነት ብቻ አያበቃም፤ ጉዳዩ ወደ ካህናትና ሊቃውንት ጉባኤ ይደርስና በምክክር ይታያል። ደራሲው ልማድ በአንድ ወጣት ቃል እንደማይለወጥ፥ ሕዝቡ የሚያምናቸው ሰዎች ተቀምጠው ሊመክሩበት እንደሚገባ ያውቁ ነበር። እኛ በመጀመሪያው ንባብ ጉባኤውን እንደ መርዘም ቈጥረን ዘልለነው ነበር።

3ኛ. ፍቅር እስከ መቃብር

ሦስተኛው ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ፍቅር እስከ መቃብር ነው። ደራሲው ጎጃም ተወልደው፥ በጣሊያን ወረራ ዘመን ዘምተው፥ ተማርከው ኢጣሊያ አገር የታሰሩ፥ ኋላም በአምባሳደርነት አገራቸውን ያገለገሉ ሰው ናቸው። ይህን መጽሐፍ ያልሰማ ሰው የለም ለማለት ይቻላል። «ያልሰማ» ማለታችን በምክንያት ነው፤ ብዙዎቻችን ሰብለ ወንጌልንና በዛብህን ያወቅናቸው ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ባነበበው ድምፅ ነው። ያ ንባብ ዛሬም በየሰው የእጅ ስልክ ውስጥ ይገኛል። ድምፁ እጅግ ያማረ ነው። ነገር ግን ገጹን ስናነብ፥ ጆሮ ፍቅሩን ተከትሎ ሲሮጥ ያለፈውን ብዙ ነገር አገኘን።

ታሪኩን ለማያውቁት ባጭሩ እንበል፤ መጨረሻውን ግን አንናገርም። በዛብህ በስዕለት ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ የድኻ ባላገር ልጅ ነው። ቅኔ ተምሮ ከዲማ ጊዮርጊስ ይደርሳል፤ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን እንዲያስተምር ይደረጋል። የዘር ሐረግ የሚቈጠርበት ቤት ነውና ፍቅራቸው ከግድግዳ ጋር ይጋጫል። በቤቱ ዘመድ የሆነ አንድ ሊቅ አለ፤ ስሙ ካሣ ዳምጤ ሲሆን ሰው ሁሉ «ጉዱ ካሣ» ይለዋል። ሥርዓቱ የተሠራበትን ልማድ እየፈታ የሚያሳይ እርሱ ነው።

በዚህ መጽሐፍ ላይ አራት ቅዳሜ ተከራከርን። ዋናው ክርክር ስለ ጉዱ ካሣ ነበር። ግማሾቻችን የመጽሐፉ ጀግና እርሱ ነው አልን፤ በዚያ ዘመን እውነቱን በግልጥ የሚናገር እርሱ ነውና። የቀሩት ግን አንድ ጥያቄ አቀረቡ፤ ይህ ሁሉ ዕውቀት ለማን ተነገረ? ከልብ የሚሰሙት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ በዛብህና ሰብለ ወንጌል። ባላገሮቹ በግዴታው ተማርረው በፊታውራሪ መሸሻ ላይ በተነሡ ጊዜ መሪያቸው አበጀ በለው ነው እንጂ ጉዱ ካሣ አይደለም። ሐሳቡ ያለው በአንድ ቤት፥ ክንዱ ያለው በሌላ ቤት ነው። በመካከል ያለውን ሜዳ ማን ያገናኘው? ሐዲስ ዓለማየሁ መልሱን አልሰጡንም። ሜዳውን ግን ወለል አድርገው አሳዩን።

እኅቶቻችን ደግሞ እኛ ወንዶቹ ያላየነውን አዩ። ሰብለ ወንጌል ትማራለች፤ ግን ለምን ሥራ? ትምህርቷ የሚሰጣት እንደ ጌጥ ነው፤ የምትማርበትም ክፍል ከአባቷ ቤት ውጪ በር የለውም። «እስከ አሁን ባነበብናቸው ሦስት መጻሕፍት አገር እንዴት ይሁን ብሎ የሚናገር የተማረ ሰው ሁሉ ወንድ ነው» አሉን። መልስ አልነበረንም፤ ስለዚህ ጻፍነው።

4ኛ. አደፍርስ

አራተኛው በ1962 ዓ.ም. የታተመው የዳኛቸው ወርቁ አደፍርስ ነው። እውነቱን ለመናገር በዓመቱ ካነበብናቸው ሁሉ የከበደን ይህ ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው በሸዋ በአርማንያ ነው። አደፍርስ የተማረ ወጣት ነው፤ ከወይዘሮ አሰጋሽና ከአካባቢው ሰዎች ጋር ይኖራል፥ ይከራከራል። መጽሐፉ አንድ ቀጥ ያለ ታሪክ ከመንገር ይልቅ ብዙ ድምፆችን ጎን ለጎን ያቆማል፤ እያንዳንዱ ሰው በራሱ አነጋገር ይናገራል፤ አንዱም ሌላውን ሙሉ በሙሉ አይሰማውም።

የስሙን ነገር ልብ በሉ። የብላቴን ጌታ ኅሩይ ሰው አወቀ ነው፤ ነገሩ ያለቀለት፥ ዕውቀቱ የተፈጸመ። የሐዲስ ዓለማየሁ ሰው ጉዱ ነው፤ ስሙን የሰጠው ሕዝቡ ነው፥ ሲፈርድበት። የዳኛቸው ሰው አደፍርስ ነው፤ ስሙ ትእዛዝ ነው፥ ውኃውን በጥብጠው የሚል። አባቶቻችን ካልደፈረሰ አይጠራም ይላሉ። ነገር ግን ሁልጊዜ እየበጠበጡ መጥራት የለም፤ የሚጠራው አንድ ጊዜ ቆም ሲሉለት ነው። አደፍርስ ብዙ ያውቃል፥ ብዙም ይናገራል፤ ቆም ማለት ግን ይቸግረዋል።

በንባቡ መካከል ትርጉማቸው ያልገባን ብዙ ቃላት ነበሩ። መዝገበ ቃላት አገላበጥን፥ ሁሉንም አላገኘንም። በመጨረሻ አንዱ ጓደኛችን ሰባት ቃል በወረቀት ጽፎ፥ የዚያው አገር ሰው ወደሆኑት ወደ አንድ የግቢያችን ዘበኛ ሄደ። «አባባ፥ እነዚህን ያውቋቸዋል?» ቢላቸው ከሰባቱ አምስቱን ከነምሳሌያቸው አስረዱት። ኋላም ሣቅ ብለው «ይህንም መጽሐፍ ላይ ይጽፉታል?» አሉት። ከዚያ ወዲያ ሁለት ቅዳሜ ከእኛ ጋር ተቀምጠው አዳመጡ። እርሳቸው ሲያዳምጡ ለእኛ ጨለማ የነበረው ንግግር ያስቃቸው ነበር። መጽሐፉ ለእኛ የከበደን ስለ ተራቀቀ ብቻ አልነበረም፤ ከሚናገረው ሕዝብ ስለ ራቅን ጭምር ነው።

5ኛ. ኦሮማይ

አምስተኛውን በፍጥነት እናልፈዋለን፤ ቀላል ስለሆነ አይደለም፥ ለብቻው ጽሑፍ የሚገባው ስለሆነ ነው። በዓሉ ግርማ በተማሪነታቸው ዘመን የተማሪዎች ጋዜጣ አዘጋጅ ነበሩ፤ ኋላም በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን ሆኑ። ኦሮማይን በ1975 ዓ.ም. አሳተሙ። ታሪኩ በኤርትራ የተካሄደውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ የሚመለከት ነው፤ ባለታሪኩ ፀጋዬ የዘመቻው ፕሮፓጋንዳ አገልጋይ ሆኖ አስመራ የሄደ ጋዜጠኛ ነው። መጽሐፉ እንደ ወጣ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ከሥራቸው ተነሡ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤታቸው እንደ ወጡ ቀሩ።

ከዚህ ቀደም ያነበብናቸው የተማሩ ሰዎች ችግራቸው የሚሰማቸው ማጣት ነበር። ፀጋዬ ግን የሚሰማው ሞልቷል፤ ድምፁ አገር ያዳርሳል። የጎደለው፥ የሚናገረው ቃል የራሱ አለመሆኑ ነው። ደሞዝ የሚከፈለው ለአፉ ነው፤ ዓይኑ ያየውን ለመናገር መጽሐፍ መጻፍ አስፈለገ፤ የመጽሐፉም ዋጋ የደራሲው ሕይወት ሆነ። ይህን ባነበብንበት ቅዳሜ ያለ ክርክር ተለያየን።

6ኛ. የአለቃ ለማ ትዝታ

የመጨረሻው መጽሐፍ በ1959 ዓ.ም. የታተመው መጽሐፈ ትዝታ ዘአለቃ ለማ ኃይሉ ነው። የመረጥነው በጥርጣሬ ነበር። ልብ ወለድ አይደለም፥ የፖለቲካ ጽሑፍም አይደለም፤ አንድ ሽማግሌ የቅኔ መምህር ስለ ሕይወታቸው የተናገሩት ነው። የጠየቃቸውና ቃላቸውን ቀርጾ መጽሐፍ ያደረገው ልጃቸው መንግሥቱ ለማ ነው።

መንግሥቱ ለማን ብዙዎቻችን የምናውቃቸው በተውኔት ነው። ያላቻ ጋብቻ በሚለው ተውኔታቸው ባሕር ማዶ ተምሮ የተመለሰውን ወጣት ባሕሩን ከዘመዶቹ ጋር አጋጥመው ያስቁናል። እርሳቸውም ራሳቸው ለንደን የተማሩ ሰው ናቸው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ እኒህ ለንደን የተማሩ ሰው ምን አደረጉ? አባታቸው ፊት ተቀምጠው ጠየቁ። ከዚያም ዝም ብለው አዳመጡ።

አለቃ ለማ ይናገራሉ። ከአንዱ መምህር ወደ ሌላው እየዞሩ ቅኔ እንዴት እንደ ተማሩ፥ የተማሪ ቤቱን ችግርና ሣቅ፥ ያዩአቸውን መኳንንትና ሊቃውንት ያወሳሉ። ንግግራቸው የመጽሐፍ አማርኛ አይደለም፤ ምድጃ ዳር የሚሰማው አማርኛ ነው። ነገሩ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘልላል፥ ተመልሶ ይመጣል። ልጁ ይህን አላቃናም፤ «አባቴ ሊል የፈለገው እንዲህ ነው» ብሎ አልገባበትም። ስናነብ አለቃ ለማ ከአጠገባችን የተቀመጡ ይመስለን ነበር።

ከዚህ መጽሐፍ ሁለት ነገር ተማርን። አንደኛው፥ «የተማረ ሰው» ስንል የምናስበው ከዘመናዊ ትምህርት ቤት የወጣውን ብቻ መሆኑ ትልቅ ስሕተት እንደሆነ ነው። አለቃ ለማ በባዶ እግር ዞረው ያገኙት ትምህርት የዕድሜ ልክ ትምህርት ነው፤ ፈተናውም በጉባኤ ፊት ነው። ሁለተኛው፥ ማዳመጥም ሥራ መሆኑ ነው። መንግሥቱ ለማ ባይጠይቁ ኖሮ ይህ ሁሉ ከአለቃ ለማ ጋር ተቀብሮ ነበር።

ይህን ስንጨርስ ያ ጓደኛችን አንገቱን ደፍቶ ቈየና «እኔ እናቴን አልጠየቅኋትም፤ መልስ ነው የሰጠኋት» አለ። ለፋሲካ ወደ ቤቱ ሄደ። ይቅርታ ጠይቆ፥ ደብተር አውጥቶ፥ «እስቲ ዕዳሽን ንገሪኝ» አላት። እናቱ ፊደል አልቈጠረችም። ግን የዐርባ አንድ ቤት ስም፥ እያንዳንዱ ቤት ለእነርሱ ምን እንዳደረገ፥ በየትኛው ዓመትና በየትኛው ወር እንደሆነ፥ አንድ ሳትስት በቃሏ ነገረችው። እርሱ ጻፈ። ጽፎ ሲጨርስ ሁለቱ ተቀምጠው መከሩ። በግንቦት ሙት ዓመቱ ዋለ፤ ዐርባ አንዱም ቤት ተጠራ፤ ጠላና ንፍሮ ቀረበ፤ ጸሎት ተደረገ። በሬው ግን አልተሸጠም፤ በሰኔ ያርሳል። ጓደኛችን ሲመለስ «በሬውን ያዳነው መጽሐፉ ነው ወይስ እናትህ?» ብለን ብንጠይቀው፥ «ደብተሩ ነው» አለን።

መደምደሚያ

ውድ ጓደኞቻችን፥ የስድስቱን መጻሕፍት ነገር ስናጠቃልለው ይህ ነው። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ገባር እንደሚሆን አስጠነቀቁን። የቀሩት ደግሞ ዕውቀቱ ከመጣ በኋላ የሚገጥመውን ችግር አሳዩን። አወቀ ተናገረ፥ ጉባኤ እስኪሰበሰብ ድረስ ግን የሰማው ጥቂት ነው። ጉዱ ካሣ ተናገረ፥ ዕብድ ተባለ። አደፍርስ ተናገረ፥ ቃሉ ሌላ ሆነባቸው። ፀጋዬ ተናገረ፥ ቃሉ የራሱ አልነበረም። ዝም ብሎ ያዳመጠው አንዱ ብቻ ነው፤ ከእርሱም ዝምታ አንድ መጽሐፍ ተገኘ። እንዲህ ስንል የተማረ ሰው ዝም ይበል ማለታችን አይደለም፤ ዝም ማለት ብዙ ጊዜ ፍርሃት ነው፥ በዓሉ ግርማን ያነበበ ሰውም ይህን አይመክርም። የምንለው፥ ሳይጠይቁ መናገር መልስ ያለው ጥያቄ የሌለው ሰው ያደርጋል ነው።

በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት፥ ከእኛ በፊት የነበሩ ተማሪዎችን ለአንድ ዓመት ወደየጠቅላይ ግዛቱ እየላከ ያሠራ ነበር። እኛን ማንም አይልከንም። ነገር ግን ክረምት ሲመጣ ሁላችንም ወደየቤታችን እንሄዳለን፤ ጥቂቶቻችን ደግሞ ተመርቀን ላንመለስ እንሄዳለን። ስለዚህ እንዲህ ተስማምተናል። እያንዳንዳችን በክረምቱ ከእናት፥ ከአባት፥ ከአያት ወይም ከጎረቤት አንድ ሰው መርጠን፥ ሳናቃና፥ ሳናሳጥር፥ በራሱ ቋንቋና በራሱ አነጋገር ቃሉን በደብተር እንጽፋለን። ከዘጠኛችን አራታችን አፋችንን የፈታነው በሌላ ቋንቋ ነውና፥ እነርሱ በዚያው ቋንቋ ይጽፋሉ። እኅቶቻችንም ሴቶችን ብቻ ሊጠይቁ ወስነዋል፤ በስድስቱ መጻሕፍት ውስጥ ያጡትን ድምፅ ራሳቸው ሊፈልጉ ነው።

እንደ እኛ ለማንበብ ለምትፈልጉ የምንመክረው ጥቂት ነው። መጽሐፍ ብርቅ ስለሆነ ብቻ ሳይሆን ጆሮ ከዓይን የሚለየውን ስለሚይዝ ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ገጹን ሳታሳዩ አትፍረዱ። ያልገባችሁን ቃል ከመዝገበ ቃላት ብታጡት፥ በሩ ላይ ለተቀመጡት አባት አሳዩአቸው። የረዘመ የመሰላችሁንም ምዕራፍ አትዝለሉ፤ እኛ የዘለልነው ጉባኤውን ነበር።

በሚቀጥለው መስከረም ዘጠኙ ደብተሮች በዚያው ባዶ ክፍል ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣሉ፤ የሚመረቁትም በሰው እጅ ሊልኩ ቃል ገብተዋል። ደብተሩን ይዞ የሚመጣ ሁሉ ዐሥረኛ፥ ዐሥራ አንደኛ እየሆነ ሊቀመጥ ይችላል፤ ወንበር አይጠፋም።